ተመሳሳይ የጀልባ ሞተሮች የፈረስ ጉልበታቸው ለምን ይለያያል?

ከጀልባ ኋላ የሚገጠሙ ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመው ይታሰቡ። የሠራቸው ኩባንያ አንድ ነው፤ ቁመታቸው፣ ክብደታቸው፣ የሲሊንደሮቻቸው ብዛትና ስፋት አይለያይም። በአንደኛው ሽፋን ላይ 75፣ በሌላኛው ላይ ደግሞ 115 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይለያያል። ለጀልባ ማኅበሩ ሞተር ሊገዛ ከጣና ዳርቻ አዲስ አበባ የመጣ ሰው በዚህ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ያድርበታል። የመጀመሪያው፣ ብረቱ አንድ ከሆነ ስለምን ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈላል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቁጥሩ በሽፋኑ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ያለፈ ትርጉም አለው ወይ የሚል ነው።

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መልሱን የሚያውቅ ገዢ ገንዘቡን ከማዳኑም በላይ፣ ጀልባው ሰው አሳፍሮ ከደሴት ወደ ወደብ ሲመላለስ ሊደርስ ከሚችል አደጋ ራሱንና ተሳፋሪውን ይጠብቃል። መልሱም በአጭሩ ይህ ነው፦ የሞተርን ጉልበት የሚወስነው የብረቱ መጠን ብቻ አይደለም፤ በየደቂቃው ወደ ውስጥ የሚስበው አየር ጭምር ነው። ፋብሪካው ይህን አየር በሚፈልገው ልክ ሊያጠበው ወይም ሊያሰፋው ይችላል። ሞተሩ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲመጣ ደግሞ የቦታው ከፍታ ከአየሩ የራሱን ድርሻ ይቀንሳል።

የፈረስ ጉልበት ምን ማለት ነው?

መለኪያውን ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ዋት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የእንፋሎት ሞተሮቹን ለገበያ ሲያቀርብ ደንበኞቹ ሥራቸውን ያሠሩ የነበረው በፈረስ ነበርና፣ አንዱ ሞተር የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ በቁጥር ማስረዳት ነበረበት። ዛሬ በብዙ አገሮች በሚሠራበት የሜትሪክ ስሌት አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም ክብደትን በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ነው። ለአርሶ አደር በሚቀርብ ምሳሌ ሲገለጽ፣ አንድ ኩንታል እህልን በአንድ ሰከንድ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ የማድረግ አቅም ነው።

ከዚህ ትርጉም ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው "በአንድ ሰከንድ" የሚለው ነው። የፈረስ ጉልበት የመግፋት ኃይልን ብቻ ሳይሆን ሥራው የሚሠራበትን ፍጥነትም ይለካል። በመሆኑም የሞተር ጉልበት የሚሰላው የሞተሩ የማዞር ኃይል በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር ተባዝቶ ነው። እኩል የማዞር ኃይል ካላቸው ሁለት ሞተሮች አንዱ በደቂቃ 5,000፣ ሌላው 5,500 ዙር ቢዞሩ ሁለተኛው በ10 ከመቶ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ግን ምንም ልዩነት ላይኖራቸው ይችላል።

አንድ ብረት፣ ሦስት ቁጥር

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ሜርኩሪ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ባለ አራት ስትሮክ የጀልባ ሞተሮች ናቸው። የ75፣ የ90 እና የ115 የፈረስ ጉልበት ሞተሮቹ ሦስቱም ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆኑ፣ የሲሊንደሮቻቸው ጠቅላላ ይዘት 2.1 ሊትር ነው። የሦስቱም ክብደት ከ163 ኪሎ ግራም ይጀምራል። ያማሃ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት የሠራቸው 9.9 እና 15 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተሮችም እንዲሁ እኩል 246 ሲሲ ይዘት አላቸው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከአየሩ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 15 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩ ሊያቃጥል የሚችለው ነዳጅ ሊስበው በሚችለው አየር የተገደበ ነው። ተጨማሪ ነዳጅ ብቻ ቢሰጠው ጥቁር ጭስ ከማውጣት በቀር ጉልበት አይጨምርም።

ፋብሪካው አየሩን የሚወስንባቸው መንገዶች በርካታ ናቸው። ካርቡሬተር ባላቸው ሞተሮች የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ጠበብ ተደርጎ ይሠራል፤ ወይም የአየር መግቢያው በር እስከ መጨረሻው እንዳይከፈት ማገጃ ይደረግበታል። በባለ ሁለት ስትሮክ ሞተሮች የጭስ መውጫው መጠን ይለወጣል። በባለ አራት ስትሮክ ሞተሮች ደግሞ ቫልቮችን የሚከፍተው ካምሻፍት ቅርጹ ሊለይ ይችላል፤ ቫልቩ ጥቂት ብቻ ተከፍቶ ፈጥኖ ከተዘጋ የሚገባው አየር ያንሳል። በኢንጄክሽን በሚሠሩት አዳዲስ ሞተሮች የነዳጁን መጠን፣ የካንዴላውን የእሳት ጊዜና የመጨረሻውን ዙር የሚወስነው ኮምፒውተር ስለሆነ፣ የልዩነቱ አንድ ክፍል በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ነገሩ እኩል ሳንባ ካላቸው ሁለት ሯጮች የአንዱ አፍንጫ ጠበብ ያለ እንደሆነ ማለት ነው።

ፋብሪካው ይህን ለምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው ምክንያት ወጪ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር የተለየ የሞተር አካል ከመሥራት ይልቅ አንዱን አካል በብዛት አምርቶ በጥቂት ዕቃዎች መለያየት ይረክሳል። ለመለዋወጫም ይመቻል፤ ለሦስቱም ሞተሮች የሚሆን አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይቻላልና።

ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። በአሜሪካ በበርካታ ሐይቆች ላይ ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ሞተር መጠቀም የተከለከለ ነው። 9.9 የሚለው እንግዳ መሳይ ቁጥር የተወለደው ከዚህ ክልከላ ነው። በጀርመን ደግሞ ያለ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ የጀልባ ሞተር ወሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ከ5 ወደ 15 የፈረስ ጉልበት ከፍ ብሏል። ፋብሪካዎች በእነዚህ ወሰኖች ልክ ሞተር ይሠራሉ፤ ያው ሞተር ወሰን በሌለበት አገር ሲሸጥ ምስጢር የያዘ ይመስላል።

ሦስተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። ከአንድ ብረት የሚጠየቀው ጉልበት ባነሰ ቁጥር የሚፈጠረው ሙቀትና ጫና ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ የማመላለሻ ወይም የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ፣ ትልቅ ይዘት ኖሮት በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ ሞተር ብዙ ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው። ስለሆነም ዝቅተኛው ቁጥር ሁልጊዜ የማነስ ምልክት አይደለም።

ቁጥሩ የተለካው የት ላይ ነው?

ሌላው የልዩነት ምንጭ የመለኪያው ስፍራ ነው። በቀድሞው ጊዜ የጀልባ ሞተር ጉልበት የሚለካው ከክራንክሻፍቱ ላይ፣ ጊርና ፕሮፔለር ሳይታሰቡ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ታላላቆቹ አምራቾች ጉልበቱን ፕሮፔለሩ በሚታሰርበት ዘንግ ላይ ወደ መለካት ተሸጋገሩ። በመካከሉ ያሉት ጥርሶችና ዘንጎች ከጉልበቱ ጥቂቱን ስለሚበሉ፣ በአሮጌ ሞተር ላይ የተጻፈ 40 እና በአዲስ ሞተር ላይ የተጻፈ 40 እኩል አይደሉም። ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ይህን ማስታወስ ይኖርበታል።

አርሶ አደሩ በቅርብ የሚያውቀው ተመሳሳይ ታሪክም አለ። በውሃ ፓምፖች ላይ የሚገጠመው የሆንዳ ጂኤክስ 200 ሞተር 196 ሲሲ ይዘት ያለው ሲሆን ቀድሞ 6.5 የፈረስ ጉልበት እየተባለ ይሸጥ ነበር። በኋላ አለካኩ ሲለወጥ ቁጥሩ ወደ 5.5 ዝቅ ብሏል። አዲሱ ቁጥር ሞተሩ አየር ማጣሪያውና ማርሚታው ተገጥመውለት የሚሰጠውን የተጣራ ጉልበት የሚናገር ነው። ሞተሩ አልደከመም፤ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ከጅቡቲ እስከ ላፍቶ አየሩ ይሳሳል

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በፋብሪካ የሚወሰን ነው። ለኢትዮጵያ ገዢ ግን ከፋብሪካው ቁጥር በላይ የሚያሳስበው የከፍታ ጉዳይ ነው። በሞተር ላይ የሚጻፈው ጉልበት የሚለካው ወይም የሚሰላው ከባሕር ጠለል ጋር በተቀራረበ የአየር ግፊትና በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ነው። ሞተሩ ከጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ ይህ ሁኔታ አለ። ወደ መሐል አገር ሽቅብ ሲጓዝ ግን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኙት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች፣ በሳሪስ፣ በላፍቶም ሆነ በጀሞ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ጠለል ካለው ክብደት 80 ከመቶ ያህል ብቻ አለው።

ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር ስፋት አልተለወጠም፤ ክብደቱ ግን በአንድ አምስተኛ ቀንሷል። ሊያቃጥል የሚችለው ነዳጅም፣ የሚሰጠው ጉልበትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። መካኒኮች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል የሚል ነው።

ጉዳዩ የአየር መሆኑን ለማየት በዚያው ክፍለ ከተማ ወደ ለቡ መመልከት ይበቃል። ከጅቡቲ ተነስቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘውና በመስከረም 2009 ዓ.ም የተመረቀው የባቡር መስመር መዳረሻ በለቡ በኩል ነው። ባቡሩ ያንኑ ሽቅብ ቢወጣም ሞተሩ በአየር ማነስ ጉልበት አያጣም፤ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነውና ለማቃጠል አየር አይፈልግም። በዚያው ከፍታ ላይ የሚሠሩ የቤንዚን ጄኔሬተሮች ግን በላያቸው ከተጻፈው ጉልበት ሙሉውን አይሰጡም።

ሐይቆቻችን ላይ ሲሰላ

ይህ ስሌት ወደ ሐይቆቹ ሲወሰድ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። በጋምቤላ ባሮ ወንዝ ላይ ከፍታው ዝቅተኛ ስለሆነ ሞተሩ የሚያጣው 5 ከመቶ ያህል ነው። በአርባ ምንጭ አጠገብ ባሉት ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ላይ 11 ከመቶ አካባቢ ይሆናል። ከ1,600 ሜትር በላይ በሚገኘው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ወደ 15 ከመቶ ይደርሳል። ጣና 1,788 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ጉዳቱ ከ16 እስከ 18 ከመቶ ነው። በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ከጣናም ከፍ ስለሚል ጉዳቱ በጥቂቱ ይጨምራል።

ለጣና ባለ ጀልባ ይህ ማለት ከስድስት እጅ አንዱን እጅ ማጣት ነው። 15 ተብሎ የተገዛው ሞተር 12 ተኩል ያህል፣ 40 ተብሎ የተገዛው 33 ያህል ይሰጠዋል። በሞቃት ቀን አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ ቁጥሩ ከዚህም ሊወርድ ይችላል።

ጸጥ ባለ ማለዳ ይህ ጉድለት ላይታወቅ ይችላል። ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ ከባድ የእንጨት ወይም የብረት ጀልባ ፍጥነቱ በአብዛኛው በርዝመቱ የተወሰነ ነው። በውሃው ላይ 9 ሜትር ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ ጀልባ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደረሰ በኋላ ተጨማሪ ጉልበት ነዳጅ ከመፍጀት በቀር እምብዛም አያፈጥነውም። ጉድለቱ የሚገለጠው ነፋስ ሲነሳና ማዕበል ከፊት ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የመጠባበቂያ ጉልበት ነው፤ በወረቀት ላይ አለ ተብሎ የታመነው መጠባበቂያ ግን በከፍታው ተበልቷል። ጀልባውን በሽፋኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ልክ የጫነ ሰው ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ ሲመለስ ይህን የሚያውቀው በመሐል ውሃ ላይ ሆኖ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በከፍታ የጠፋን ጉልበት ያለ ቱርቦ ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም፤ ብክነትን መከላከል ግን ይቻላል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በሳሳ አየር ውስጥ እንደ ወትሮው ብዙ ነዳጅ ስለሚያስገባ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ቤንዚን ይፈጃል። ነዳጅ የሚያልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ ለከፍታው በተመጠነች መለወጥ ይህን ያስተካክላል። ዘመናዊዎቹ የኢንጄክሽን ሞተሮች የአየሩን ግፊት ራሳቸው እየለኩ ነዳጁን ይመጥናሉ።

ሁለተኛው መፍትሔ ፕሮፔለሩ ላይ ነው። በፕሮፔለር ላይ ከተቀረጹት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስፋቱን፣ ሁለተኛው በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚራመደውን ርቀት በኢንች ያመለክታል። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ፕሮፔለር በጣና ላይ ለሞተሩ ይከብደዋል፤ ሞተሩም ወደሚገባው ዙር ሳይደርስ እየተጨነቀ ይሠራል። ይህ ዕድሜውን ያሳጥራል። እርምጃው አንድ ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ሲገጠም የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል።

አንዳንዶች ብረቱ አንድ መሆኑን ሲያውቁ የዝቅተኛውን ሞተር ካርቡሬተር በከፍተኛው መለወጥ ይቃጣቸዋል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ይህ ጉልበት ይጨምራል፤ በሌሎቹ ግን ካምሻፍቱ፣ የጭስ መውጫውና ኮምፒውተሩም ስለሚለያዩ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ከዚያም በላይ የጀልባው የኋላ ሳንቃ ሊሸከም የሚችለው ጉልበት ወሰን አለው፤ የፋብሪካው ዋስትናም ሞተሩ በተለወጠበት ቀን ሊያበቃ ይችላል።

ለመስኖ ፓምፕም ሕጉ ያው ነው

በፎገራ ሜዳ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውሃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር የጀልባ ሞተር ባይገዛም፣ ጉዳዩ ለእርሱም የቀረበ ነው። የፓምፑ ሞተር በዚያ ከፍታ እንደ ጀልባው ሞተር ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል። በተጨማሪም ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ የሚስበው በአየር ግፊት ርዳታ ነውና፣ ግፊቱ ሲቀንስ የመሳቢያው ቁመትም ያጥራል። በባሕር ጠለል 10 ሜትር ከፍ የሚለው የመጨረሻ ወሰን በጣና አካባቢ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር የሚገኘው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ስለዚህ ፓምፑን ወደ ውሃው አቅርቦ ማስቀመጥና ውሃውን ከመሳብ ይልቅ መግፋት ይመረጣል።

ገዢው ምን ይመልከት?

ሞተር የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊያነበው የሚገባው የሽፋኑን ቁጥር ሳይሆን በሞተሩ መስቀያ ብረት ላይ የተመታውን ሰሌዳ ነው። ሽፋን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊገባ ይችላል፤ በሰሌዳው ላይ ያለው የሞዴል መለያ ግን የትኛው ሞተር እንደሆነ ይናገራል። ከዚያም ሦስት ነገሮችን ማነጻጸር ይበጃል፦ በሲሲ ወይም በሊትር የተገለጸውን ይዘት፣ በኪሎ ዋት የተጻፈውን ጉልበት፣ እንዲሁም ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥበትን ዙር። አንድ ኪሎ ዋት 1.36 የሜትሪክ የፈረስ ጉልበት ስለሆነ፣ 11 ኪሎ ዋት የሚል ሰሌዳ 15 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው።

ሞተሩን ላፍቶ ውስጥ በአንድ ጋራዥ በውሃ በርሜል ነክሮ ማስነሳት መነሳቱንና ውሃ ማዘዋወሩን እንጂ ጉልበቱን አያሳይም። ትክክለኛው ፈተና በሚሠራበት ሐይቅ ላይ፣ የተለመደው ጭነት በጀልባው ላይ እያለ፣ በዙር መቁጠሪያ የሚደረገው ነው። ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ በመመሪያው ላይ ወደተጻፈው ዙር ካልደረሰ ፕሮፔለሩ ከብዶታል ወይም ጭነቱ በዝቷል።

እስከዚያው ግን ለጣና ባለ ጀልባ ቀላሉ ስሌት በቂ ነው፦ የተጻፈውን ቁጥር ለስድስት ከፍሎ አንዱን መተው። ጭነቱና የተሳፋሪው ቁጥርም መወሰን ያለበት በቀሪው አምስት እጅ ልክ ነው።